ሻይ የማያፈስ ፍሬን

አብነት ሰፈር ውስጥ ጋራዤ የት እንደሆነ የማያውቅ ታክሲ ነጂ ካለ ለሥራው አዲስ ነው። ስሜ ፍሰሐ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ፍሰሐ ፍሬን» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራሁት ፍሬን ብቻ ነው። ሞተር አልነካም፣ መብራት አልነካም፣ ቀለም የሚባል ነገር ደጄ ድርሽ እንዲል አልፈልግም። ሁሉን እችላለሁ የሚል መካኒክ ያናድደኛል። ሲጀመር ብዙ ነገር ያናድደኛል።

አንድ ልማድ አለኝ። የሠራሁትን መኪና ከማስረከቤ በፊት ከማዶዋ ሻይ ቤት አንድ ብርጭቆ ሻይ አስመጥቼ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጥና ብቻዬን እነዳለሁ። እስከ ተክለ ሃይማኖት ወጥቼ፣ ዞሬ ተመልሼ ጋራዡ በር ላይ ስቆም ሻዩ ካልፈሰሰ ፍሬኑ ደህና ነው። ከፈሰሰ እንደገና እፈታዋለሁ። ሰው ከጎኔ እንዲቀመጥ አልፈቅድም፤ ሰው ካለ ወሬ አለ፣ ወሬ ካለ ደግሞ ሐሳቤ ከፍሬኑ ላይ ይነሳል። አንዳንዱ ደንበኛ ሻዩን ለማየት ብሎ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔም ብርጭቆውን አንስቼ ፊቱ እጠጣለታለሁ። ይህን የማወራው ልኮራ ብዬ አይደለም፤ ጉድ የሠራኝ ይኸው ብርጭቆ ስለሆነ ነው።

ረሻድ የሚባል ደንበኛ አለኝ። ተክለ ሃይማኖት ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ የምቀይረውን ዕቃ ግማሹን የምገዛው ከሱ ነው። ቁጥብ ሰው ነው። ካቻምና ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ አንዲት ቀይ፣ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው ስፖርት መኪና ገዛ። ስትሠራ ቀኝ መሪ ነበረች። እኛ አገር ከመግባቷ በፊት፣ የት እንደሆነ በማይታወቅ ጋራዥ፣ መሪዋን ወደ ግራ አዙረውታል። መሪ የዞረ መኪና ለኛ ብርቅ አይደለም፤ ከተማውን ሞልቶታል።

መጀመሪያ ሊያሳየኝ ያመጣት ቀን ኮፈኗን ከፍቼ አይቻለሁ። የፍሬኑ ዋና ፓምፕ እንደ ድሮው በቀኝ በኩል ቀርቷል፤ ፔዳሉ ግን ወደ ግራ መጥቷል። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ ረጅም ብረት ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ከምንጣፉ ጀርባ፣ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ነጂው በግራ ሲረግጥ ብረቱ ይዞርና በቀኝ በኩል ፓምፑን ይገፋል። እንዲህ ያለ መኪና በመቶ የሚቆጠር በእጄ አልፏል። አየሁትና አለፍኩት። የፍሬን ሸራዋን ቀየርኩ፣ ሻዬን ጫንኩ፣ ጠብታ አልፈሰሰም፣ አስረከብኩ።

ከአራት ወር በፊት የረሻድ ሚስት ነጅማ አማቷን ከክሊኒክ ይዛ ስትመለስ አደጋ ደረሰባት። ነጅማ ሱቁ ውስጥ ከባሏ ጋር ነው የምትሠራው፤ ቡሎን በዓይኗ አይታ ቁጥሩን የምትነግር ሴት ናት። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ወደ ግቢያቸው የሚወስደውን ቁልቁለት ስትወርድ ከፊቷ የነበረ ሚኒባስ ድንገት ቀጥ አለ። ረገጥኩ፣ አልያዘልኝም ነው የምትለው። ሚኒባሱን ሸሽታ መሪውን ስትጠመዝዝ የግቢውን ጥበቃ ፉፋን በሩ ላይ ገጨችው። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ትራፊኩ የራሱን ሥራ ሠራ፤ እሱን ተዉት። ሽምግልናው የተደረገው በኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ቢሮ ነው። ሰብሳቢው አቶ ኃይለመለኮት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥሪያ ቤት የኖሩ፣ ሰላምታ እንኳ በአጀንዳ ካልሆነ የማይጀምሩ ሰው። ፉፋ እግሩ በጄሶ እንደታሰረ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ማሳከሙን ረሻድ ችሎታል፣ ሌላ ነገር ልስጥህ ቢለውም እንቢ ብሏል። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ወደኔ ስትመጣ ምንም አልቀነሰችም» አለ ፉፋ። «ረግጣ ነው ወይስ ሳትረግጥ? እሱን ንገሩኝና ይቅር ልበል።»

«መካኒኩ ይናገሩ» አሉ አቶ ኃይለመለኮት።

ተነሥቼ ቱታዬን አራገፍኩ። ፍሬኑን የሠራሁት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ከአደጋው በኋላም መኪናዋን አስመጥቼ እንደፈተንኳት፣ አንዲት ጠብታ ሻይ እንኳ እንዳልፈሰሰ ተናገርኩ። በመጨረሻም፣ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬን የሚያቃጥለኝን ነገር ጨመርኩ።

«ያልረገጡት ፍሬን አይይዝም» አልኩ።

እትዬ ዙሃራ፣ የረሻድ እናት፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እንዴ፣ ረግጣለች እንጂ» አሉ። «እኔ አጠገቧ አልነበርኩም? እሷ ስትረግጥ እኮ አንድ ነገር ውስጥ እግሬን ገፋኝ።» ጫማቸውን አውልቀው ቦታውን ሊያሳዩን ጀመሩ።

«እትዬ፣ እሱ መኪናው ሲጋጭ ነው» አልኳቸው።

«ከመጋጨታችን በፊት ነው።»

«ይሄ የብረት ነገር ነው እትዬ፤ ለኛ ይተዉልን።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እትዬ ዙሃራ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ። ነጅማ ባሏን አየችው፤ ረሻድ መሬት መሬቱን ያያል። «ረግጬ ነበር» አለች። ቀጥላ «ደንግጬ ይሆናል እንግዲህ» አለች። ተነሥታ ፉፋን ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ይቅር አላት።

ይቅር ማለቱንስ አለ። ድኖ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ በሩ ላይ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ያቺን እግሩን ወደፊት ይዘረጋታል፤ ሐኪሙ ዘርግተህ ተቀመጥ ብሎታል። ነጅማ በዚያ ስታልፍ ባየ ቁጥር ግን ይሰበስባታል። ክፋት የለበትም፣ ሳያስበው ነው። እሷ በእግሯ ናት፣ ዘንቢል ይዛ ነው የምታልፈው፤ እሱ እግሩን ይሰበስባል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ቁልፉን ረሻድ ወስዶባታል፤ ባይወስድባትም አትነዳም ነበር። ከልደታ ተክለ ሃይማኖት በእግሯ እየተመላለሰች አራት ወር ሆናት። ረሻድም መኪናዋን ሊሸጥ ቆረጠ።

ገዢ ሆኖ የመጣው ኤፊ የሚባል፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ የሚሠራ ጎረምሳ ነው። ለሙከራ ግማሽ ቀን ነዳትና ቀጥታ እኔ ጋ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ ጀለስ ሩጫ ታውቃለች እንጂ መቆም አታውቅም።»

«ለመርገጥም እግር ያስፈልጋል» አልኩት።

«ቀስ ብዬ ስረግጥማ ትቆማለች። አጥብቄ ስረግጥ ነው ችግሩ። ፔዳሉ ዝም ብሎ ይሰምጣል።»

ደሜ ፈላ። ትናንት የተወለደ ልጅ ፍሬን ሊያስተምረኝ። ረሻድ ግን ደውሎ ለመነኝ። ልጁ መኪናዋን ወዷታል፣ ፍሬኗ ከጉልበቷ ጋር የሚመጣጠን ከሆነ ይገዛታል፣ የሚያስፈልገውን ዕቃ ሁሉ ከሱቅ እልክልዎታለሁ አለኝ። እሺ አልኩ።

የፊት ዲስኮቹን አውጥቼ ወፍራሞቹን አስገባሁ። ሸራውን ሙቀት በሚችል ቀየርኩ። የድሮው የፍሬን ዘይት ቡና መስሎ ነበር፤ አፍስሼ አዲስ ሞላሁና ከአራቱም ጎማ የፍሬን መስመር አየሩን አስወጣሁ። ዋናውን ፓምፕ ፈትቼ የውስጥ ላስቲኮቹን በሙሉ ቀየርኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ሻዬን ጫንኩና ነዳሁ፤ አልፈሰሰም። ኤፊን ጠርቼ ብርጭቆውን አሳየሁት። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ፣ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ተመለሰ።

«ትንሽ ተሽሏታል። መስመጡ ግን ያው ነው» አለ።

«ሻዩን አላየህም?»

«ጋሼ፣ እኔ ሻይ አልጭንባትም እኮ።»

ቁልፉን ተቀብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። የቀረኝ ነገር ዘይቱን ወደየጎማው የሚያደርሱት የላስቲክ ቱቦዎች ናቸው፤ ሲያረጁ አጥብቀው ሲረግጡ እንደ ፊኛ ይነፋሉ፣ ያኔ ፔዳሉ ይሰምጣል። ይኼ ነው አልኩ። በማግስቱ ወደ ሱቁ ደውዬ አራት ቱቦ አዘዝኩ።

ቱቦዎቹን ይዛ የመጣችው ነጅማ ናት። ረሻድ አሮጌዎቹን ካዲሶቹ አስተያይታ እንድትመለስ ነግሯት ስለነበር ሥራው እስኪያልቅ ቆመች። ጋራዡ ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ ከመኪናዋ የራቀውን መርጣ፣ የብረት በሩን ተደግፋ ነው የቆመችው። ዓይኗን አላነሣችባትም፤ እጇንም አላስጠጋችም። ስጨርስ ወደ ተክለ ሃይማኖት ለሙከራ ስለምወጣ ሱቅ ላድርስሽ አልኳት። ሰው ከጎኔ አስቀምጬ አላውቅም፤ ፀሐዩ ከባድ ስለነበር ነው። አቅማምታ እሺ አለች።

ያን ቀን ብርጭቆ አላስመጣሁም። የኤፊ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ስለነበር፣ እንደሱ ረግጬ ልየው ብዬ ነው። ነጅማ በቀኝ በኩል ተቀመጠች። የዚያች መኪና ወንበር ዝቅ ያለ ስለሆነ ተቀማጩ እግሩን ፊት ለፊት መዘርጋት አለበት፤ የጫማው ሶል ከፊት ያለውን ግድግዳ፣ ምንጣፉን ይነካል። መንገዱ ጭር ያለበት ቦታ ስደርስ በመስታወት ኋላዬን አየሁና በሙሉ እግሬ ረገጥኩ። ፔዳሉ ሰመጠ። መኪናዋ ቆመች፣ መቆም ካለባት ቦታ ግን አንድ የመኪና ርዝመት ያህል አልፋ ነው የቆመችው። ተሳደብኩ። ነጅማ ሁለት እግሮቿን ሰብስባ ወንበሩ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራትም።

«አይዞሽ፣ አትፍሪ» አልኳት።

«አልፈራሁም» አለች። «እግሬን ገፋኝ።»

«ማን?»

«እንጃ። ከምንጣፉ ጀርባ። እርስዎ ሲረግጡ ገፋኝ፣ ሲለቁ ተመለሰ።» ወደ ምንጣፉ ጠቁማ «እማማ የሚሉት እዚህ ጋ ነው» አለች።

እትዬ ዙሃራ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ እኔ ለኛ ይተዉልን ስላቸው፣ ሰው ሲስቅ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጣብኝ። ተክለ ሃይማኖት መሄዱን ትቼ እዚያው አዞርኩና ወደ ጋራዥ ተመለስኩ። ነጅማ የት ነው የሚወስዱኝ አላለችም።

የቀኙን በር ከፍቼ ምንጣፉን ገነጠልኩ። በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገባሁና የስልኬን መብራት አበራሁ። ብረቱ ይታየኛል። በቀኝ ጫፉ የያዘው አንድ ከስስ ላሜራ የተሠራ መያዣ ነው፤ ከግድግዳው ጋር በብየዳ ተጣብቋል። እንዲሁ ሲያዩት ጤነኛ ነው።

«ግራ ወንበር ላይ ተቀመጪና ፍሬኑን ርገጪልኝ» አልኳት።

«እኔ?»

«ከዚህ ልወጣ አልችልም፤ ሌላ ሰው የለም።»

እግሯ ፔዳል ከነካ አራት ወር ነው። ስትቀመጥ መኪናዋ ትንሽ ዘመም ስትል ተሰማኝ። በቀስታ ረገጠች። ብረቱ ዞረ፣ መያዣው ንቅንቅ አላለም። ሻዬን ጭኜ የምረግጠው እንዲህ ነው። በዚህ አረጋገጥ ሠላሳ ዓመት ብፈትነው ምንም አላይም ነበር።

«አሁን በዚያን ቀን እንደረገጥሽው ርገጪ» አልኳት።

ድምጿ ከላይ መጣ።

«አልረገጥሽም ብለውኝ የለም?»

ምን ልበላት? ጭንቅላቴ ዳሽቦርድ ሥር፣ አፌ ላይ አቧራ። «ርገጪ ልጄ» አልኩ።

ረገጠች። ያ ሁሉ ጉልበት ከዚያች ቀጭን ሴት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ብረቱ ተጠማዘዘ፣ መያዣው ከብየዳው ላይ ተላቆ አፉን ከፈተ። ጣቴን አስገባሁበት፤ ገባ። ፓምፑን መግፋት የነበረበት ኃይል በሙሉ እዚያ ያልቃል፤ ላሜራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ላሜራው ምንጣፉን፣ ምንጣፉ የተቀመጠውን ሰው እግር። ስትለቅ ተመልሶ ተዘጋ፣ ስንጥቁም ጠፋ። አጥብቆ የረገጠ ሰው ብቻ ነው ያቺን መኪና ያለ ፍሬን የሚያገኘው። ሳይረግጡ አይደለም፣ ስለረገጡ ነው።

«ረግጠሻል» አልኳት።

«ያኔም እርግጠኛ ነበሩ» አለች።

ልክ ናት። ወጣሁና ስልኬን ሰጠኋት፤ ቦታ ተቀያየርን። እሷ ልብሷ ቆሸሸ አልቆሸሸ ሳትል ወለሉ ላይ ተኛች፤ እኔ ረገጥኩ። «እንደገና» አለችኝ። ረገጥኩ። «እንደገና።» አምስት ወይም ስድስት ጊዜ አስረገጠችኝ። ከዚያ እንደገና ማለቷን ተወች፣ ግን አልተነሣችም። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩና እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

መያዣውን ቆርጬ አወጣሁት። ስንጥቁ አብዛኛው ዝጎ ጠቁሯል፣ ጫፉ ብቻ ያብረቀርቃል። ከአደጋው በፊት ብዙ የቆየ ነው ማለት ነው፤ ይህን መካኒክ ያልሆነ ሰውም አይቶ ያውቀዋል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ወፍራም ብረት አስቆርጬ በአንዱ ፈንታ ሁለት መያዣ አሠራሁ፤ አንዱን ጫፉ ላይ፣ አንዱን መሐሉ ላይ፤ አስበየድኩት፣ በቡሎንም አሰርኩት። ብረቱንም ቶርኖ ቤት ወስጄ በወፍራሙ አስቀየርኩት። ከዚያ ያለ ሻይ ነዳኋት። ሃያ ጊዜ በሙሉ እግሬ ረገጥኩ። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ፤ መኪናዋም በፈለግኩበት ቦታ ቆመች። ያንን ያህል ጥሩ ፍሬን ሠርቼ ያንን ያህል የከፋኝ ቀን የለም።

በማግስቱ ረሻድ ሱቅ ሄጄ የተሰነጠቀውን ብረት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩና ነገርኩት። ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው። ነጅማ ከኋላ የሸራ ካርቶን ትደረድራለች።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ታርቀን ጨርሰናል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን ይሄን ማንሣት ለማን ይጠቅማል? የእርስዎም ስም አለበት።»

ስሜን ሲያነሣልኝ ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። መንገድ ላይ ስመጣ እኔም ይህንኑ ሳስብ ነበር። «ፍሰሐ ፍሬን» የሚባለው ሰው ፍሬን ማየት አልቻለም ከተባለ ምን ይቀርለታል? አፌን ልከፍት ስል ነጅማ ካርቶኑን አስቀመጠች።

«እሳቸው ስማቸውን ይጠብቁ» አለች። «እኔ ግን እግሬን ነው የምፈልገው። በዚያ በር ሳልፍ አራት ወር ሙሉ እግሬን ጠላሁት ረሻድ። አንተም አላመንከኝም።»

እኔም ብረቱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ» አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቢሮ፣ እነዚያው የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። አቶ ኃይለመለኮት አጀንዳው ምንድን ነው አሉ። ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«አጀንዳው የኔ ስህተት ነው» አልኩ። ቁጭ ብዬ ማውራት አልሆነልኝም፤ ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ስለ ሻዩ፣ ቀስ ብዬ ብቻ እየረገጥኩ ስለመፈተኔ፣ ነጅማ አጥብቃ መርገጧን፣ ስለረገጠችም ፍሬኑ እንደከዳት። ስጨርስ አቶ ኃይለመለኮት ብረቱን በእስክሪብቶ ገልበጥ አድርገው አዩትና «እንዴት ደረሱበት?» አሉኝ።

«እኔ አልደረስኩበትም። እትዬ ዙሃራ ባለፈው እዚሁ ነግረውን ነበር።»

ሁሉም ወደ ጥግ ዞረ። እትዬ ዙሃራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እኔማ ተናገርኩ» አሉ። ከዚህ በላይ አልጨመሩም፤ እኔም ሄጄ ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተነሣ፣ ተነሣ፣ ወገብህን ያምሃል» አሉኝ።

ፉፋ ብረቱን አንስቶ ስንጥቁ ላይ ጣቱን አስኬደ። ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፤ ያየውም እኔን ነው።

«ጋሽ ፍሰሐ» አለ፣ «ወደ ሥራ ከተመለስኩ ጀምሮ እሷን ባየሁ ቁጥር እግሬን እሰበስብ ነበር። እርስዎ ሲያልፉ ግን ተነሥቼ ሰላም እል ነበር።»

አንገቴን ደፋሁና ይቅር በለኝ አልኩት። «እስቲ እንግዲህ» አለ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ረሻድ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሚስቱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለኤፊ ሌላ ፈልግ እለዋለሁ» አለ። እሷ ቁልፉን ትንሽ አየችው፣ ከዚያ አነሣችው። መኪናዋን እኔ ላይኛው መንገድ ላይ አቁሜያት ስለመጣሁ ወደ ግቢው የምታስገባት ከዚያ ተነሥታ ነው፤ እትዬ ዙሃራ አብሬሽ ነኝ ብለው ተነሡ። የፊት ወንበር የሳቸው ነው። እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተጣጠፍኩ። ፉፋ ወደ ሥራው፣ ወደ በሩ ሄደ።

ያንኑ ቁልቁለት ወረድን። የነጅማ ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው። መሐል ላይ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በሙሉ እግሯ ረገጠች። መኪናዋ ባለችበት ተተከለች፤ ግንባሬ የፊተኛውን ወንበር መታ።

«ዛሬ አልነካኝም» አሉ እትዬ ዙሃራ።

ነጅማ ፍሬኑን ለቀቀችና እንደገና ወደ ታች ወረደች። ፉፋ በርጩማው ላይ ተቀምጦ የበሩን ገመድ ይዟል። የተሰበረች እግሩ ወደ መንገዱ ተዘርግታለች። መኪናዋን አያት፤ የምትነዳውን አያት። ገመዱን ሳበ፣ በሩ ተከፈተ፣ እሷም ከእግሩ አንድ ክንድ ርቃ በቀስታ አለፈች። ዞሬ በኋላው መስታወት አየሁት። እግሩን አልሰበሰበም።